በጋይንት መንገድ ለሚመላለሱ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ስለሚገዛ ቸርኬና ጎማ

ከደብረ ታቦር በጉና ተራራ ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ነው፤ ነገር ግን እህል ገዢው ነጋዴ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የገጠር ቀበሌዎች በታጠፈ ጊዜ ኮረኮንቹ ይቀበለዋል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ባለንብረት ራቭ ፎር ወይም ቪታራ መኪናውን ከፍ ለማድረግ አስቦ ከፋብሪካው የተለየ ቸርኬና ጎማ ያስገጥማል። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

የራቭ ፎር ቸርኬ አምስት ብሎን ያለው ሲሆን፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የመካከሉ ቀዳዳ 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኑ ስለ ገጠመ ብቻ ቸርኬው ተስማማ ማለት አይደለም። የመካከሉ ቀዳዳ ሰፍቶ በሞዞው ላይ በልክ ካልተቀመጠ በአስፋልት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ለዚህስ በልኩ የተሠራ ቀለበት መፍትሔ ይሆናል። ቸርኬው ከልክ በላይ ወደ ውጭ የወጣ እንደ ሆነ ግን ኩሽኔታውን ያደክማል፤ ወደ ውስጥ የገባውም አሞርዛተሩን ይነካል።

የጎማው ነገር ይበልጥ ያሳስባል። 215/70 ባለ 16 ጎማ አውጥቶ በዚያው ቸርኬ 235/70 ያስገባ ሰው መኪናውን ከፍ ያደረገው 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል፤ መለኪያው ቀድሞ ትክክል ከነበረም አሁን 100 ሲያሳይ መኪናው 104 ያህል ይሮጣል። ሰውና ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገዢው ሂሳቡን ከመክፈሉ በፊት አንዱን አስገጥሞ፣ ሰዎች አሳፍሮ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ ያዙር፤ የሚነካካ ድምፅ ከተሰማ ዕቃውን እዚያው ይመልስ።