ለማያነብ ተጠቃሚ መንደፍ፦ ለሕፃናት አዝናኝና ደኅንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?



ለሕፃናት የሚሆን ድረ ገጽ ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የሚታየን ደማቅ ቀለም፣ የሚጨፍር እንስሳና የሚዘምር ፊደል ነው። ደኅንነት ሲባል ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ዙሪያውን የሚታጠር አጥር ይመስለናል። በዚህ አስተሳሰብ ነዳፊው ያስደስታል፤ የሕግ ባለሙያው ይከለክላል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ክፍፍል ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሆነ ልጅ ጨዋታውን የሚያሳምሩትና ልጁን የሚጠብቁት የንድፍ ውሳኔዎች በአብዛኛው አንድ ናቸው።

በቅድሚያ ተጠቃሚያችን ማን ነው? ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ዕድሜ ልጅ በምልክትና በጨዋታ የሚያስብበት፣ ነገር ግን ነገሮችን ከሌላ ሰው አቅጣጫ ማየት የሚከብደው ጊዜ አድርጎ ገልጾታል። በዕድሜ ወሰኖቹ ላይ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። ለነዳፊ ግን ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ «ይህን ቁልፍ እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው? ከእኔስ ምን ይፈልጋል?» ብሎ አይጠይቅም። ማስታወቂያው በጨዋታው ገጸ ባሕርይ መልክ ከቀረበለት ማስታወቂያውም ጨዋታ ነው። ስለዚህ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ማኖር ጥበቃ አይደለም፤ ልጁ ገና ማንበብ አይችልምና።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዓይንና ጆሮ እንሂድ። የአማርኛ ፊደል ለነዳፊ ልዩ ፈተና ያቀርባል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት አንዲት ትንሽ ቅጥያ ከእግሩ ወገብ ወይም ከግርጌው ላይ በመቀመጧ ብቻ ነው። «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ነ» ከ«ኘ» የሚለዩት በራስጌ መስመር ነው። አዋቂ ሰው ቃሉን ከዐውዱ ስለሚገምት ትንሽ ፊደል አያስቸግረውም። ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ግን የሚገምትበት ዐውድ የለውም፤ በትንሽ የስልክ መስኮት ላይ የደቀቀ ፊደል ካቀረብንለት የምንፈትነው ዕውቀቱን ሳይሆን ዓይኑን ነው።

ትእዛዝ ሁሉ በድምፅ መሰጠት ያለበትም ስለዚህ ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ በዓሉን ይሆናል። በማሽን የሚነበብ ድምፅ ይህን ከሳተ ልጁ የተሳሳተውን እንደ ትክክል ይማራል። በተለይ በውጭ አገር ለሚያድግና አማርኛን ከወላጆቹ በቀር ብዙም ለማይሰማ ልጅ፣ በሰው አንደበት የተቀዳ ጥሩ ድምፅ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል።

ስለ እጅና ስለ እንቅስቃሴ በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥብቅ ደረጃው 44 በ44 ነው። ይህ ለሁሉም ተጠቃሚ የተቀመጠ በመሆኑ ለትንሽ እጅ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይገባም። የብልጭታ ጉዳይ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 በጃፓን በተላለፈ አንድ የፖኬሞን ክፍል ላይ በፍጥነት የተፈራረቁ ቀይና ሰማያዊ ብልጭታዎች ከ600 በላይ ተመልካቾችን ለሆስፒታል ዳርገዋል። መመሪያው በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ መብለጭለጭን አደገኛ አድርጎ የሚያየው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። ጨዋታን ከባዕድ ብቻ መቅዳት የለብንም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ልጅ ከጨዋታው አይባረርም። «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በዚያ አገር ገብቶ ሲሞላቀቅ ሁሉም ይስቃል፤ መልሱም ይነገራል። አለማወቅ ራሱ የጨዋታው አንድ ምዕራፍ ነው። በአንጻሩ በብዙ የልጆች መተግበሪያዎች ስሕተት የሚገለጸው በቀይ ምልክትና በሚያስደነግጥ ድምፅ ነው። አንዳንዴም የስሕተቱ ድምፅ ከትክክሉ ይልቅ አስቂኝ ስለሚሆን ልጁ ሆን ብሎ ይሳሳታል። ነዳፊ ከእንቆቅልሽ የሚማረው ስሕተት ወደ መልሱ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን እንደሚገባ ነው።

ተረትም ሌላ ትምህርት አለው። «ተረት ተረት» ተብሎ ይከፈታል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። ልጁ ማለቁን ያውቃል። ያለ ጥያቄ ተከታዩን ቪዲዮ የሚያስከትል ገጽ ግን መዝጊያ የለውም፤ ማቆምን ራሱን መግታት ገና በመማር ላይ ላለ ልጅ ይተወዋል። መጨረሻ ያለው ጨዋታ መንደፍ የጥበብም የጥበቃም ሥራ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን፣ የግል መረጃን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ሊረጋገጥ የሚችል የወላጅ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። በዚሁ ሕግ መሠረት በቀረበ ክስ ጉግልና ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2019 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የብሪታንያ የሕፃናት ደንብ ደግሞ የልጁ መገኛ ቦታ ከመነሻው እንዳይታወቅ፣ ግላዊነቱም በከፍተኛ ደረጃ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ሆኖም በወላጅ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ጥበቃ አንድ ድብቅ ግምት አለው፤ ይኸውም ወላጁ የተማረ፣ ስልኩም የአንድ ሰው ነው የሚል ነው። ብዙ መተግበሪያዎች ወላጅን ከልጅ የሚለዩት በማባዛት ጥያቄ ወይም በእንግሊዝኛ በተጻፈ የፈቃድ ቅጽ ነው። አንድ ስልክ ቤተሰቡን ሁሉ በሚያገለግልበት፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ለእናቱ በሚያነብበት ቤት ይህ በር ለልጁ ተከፍቶ በእናቱ ላይ ይዘጋል። የተረጋገጠው የትምህርት ደረጃ እንጂ አዋቂነት አይደለም።

ስለዚህ የእኔ መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ፈቃድ የማያስፈልገው ንድፍ ነው። ፊደል ለማስተማር የልጁ ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶግራፍ ወይም መገኛ ቦታ አያስፈልግም። ወንድምና እኅት ስልኩን ቢጋሩ አንዱ ዝሆንን፣ ሌላዋ ጦጣን መለያ አድርገው ይምረጡ፤ የደረሱበትም ደረጃ ከስልኩ ሳይወጣ ይቀመጥ። እንዲህ ያለው ገጽ ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ የዳታ ወጪም ይቀንሳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ሥራችሁ እንዲህ ያለ ገጽ ስትነድፉ አንድ መመዘኛ ልተውላችሁ። በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አጥፉትና አንድ ልጅ ሲጠቀምበት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። መጫወት ከቻለ፣ ሲሳሳት ካልደነገጠ፣ ሲያበቃ ካወቀ፣ ከሄደም በኋላ ስለ እርሱ በእጃችሁ የቀረ መረጃ ከሌለ፣ ሥራችሁ መልካም ነው።