ብርዱ የበጋ ነው፦ ከፒያሳ ወደ ጣርማ በር ብቻውን ለሚነዳ ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ፒያሳ ቆሜ የመኪናዬን መስታወት በጨርቅ አብስ ነበር። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናቶች የምኒልክን ሐውልት ዞረው ወደ ጊዮርጊስ ይገባሉ። መንገዴ በአራት ኪሎና በመገናኛ አድርጎ፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወርዶ እስከ ደብረ ሲና ነው። የምሄደው ብቻዬን ነበርና ማታውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ መክሮኛል። ምክሩ ከልብ የመነጨ ነው፤ ግማሹ ግን ሰው ይገድላል።

የመጀመሪያው «ክረምት አይደለም፣ ምን ያሰጋሃል?» የሚል ነበር። ቃሉ ያሳስተናል። በትርጉም ፊልም ላይ የፈረንጅ የበረዶ ወቅት «ክረምት» ሲባል ስለምንሰማ ክረምትና ብርድ አንድ ይመስሉናል። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። ደመናው ምድር ቀን የሞቀችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሙቀቱም ሽቅብ ያመልጣል። በ2,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚመታት በእነዚህ የበጋ ሌሊቶች ነው። እዚያ ያደረ መኪና ጠዋት መስታወቱ በስስ በረዶ ተለብጦ ቢገኝ አይገርምም። ያኔ የፈላ ውሃ የሚደፉበት አሉ፤ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩን አስነሥቶ በማሞቂያው ቀስ እያሉ ማቅለጥ ይሻላል።

«ብርድ ስለሆነ ሞተር አይግልም» የሚለውም ትክክል አይደለም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ወደ 30 በመቶ ያንሳል፤ ውሃም ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ያለው ግፊቱን ጠብቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ለማድረግ ነው። ክዳኑ የላላ መኪና በዳገቱ ላይ ከነብርዱ ያፈላል። መኪናው ሽቅብ ሲደክም «ነዳጁ ተበርዟል» ብሎ ማደያውን መጠርጠር የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያነሰው ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። ተርቦ ያለው መኪና ይህ ያን ያህል አይሰማውም።

ጣርማ በር ላይ ጉም ይወርዳል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና መንገዱን ይውጠዋል። ብዙ ሰው ያኔ ረጅም መብራት ያበራል። ጉም ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነውና ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። አጭር መብራት አብርተህ፣ ፍጥነት ቀንሰህ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ተከተል።

ጣርማ በር ላይ ያለውን «ሙሶሎኒ» የሚባል ዋሻ ሙሶሎኒ ራሱ መጥቶ ያሠራው የሚመስለው ሰው አለ። ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን አልረገጣትም፤ በስሙ የተጠራው በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ስለሠሩት ነው። «በር» የሚለው ስም ግን መተላለፊያው ከዋሻው በፊትም እንደነበረ ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከመንገዱ ሁሉ የሚያስፈራው ዳገቱ ይመስለናል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከዋሻው ማዶ መንገዱ ይጠማዘዝና ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ማለት ነው። በመኪና ያረጁ አንድ ጎረቤቴ «የኔ ልጅ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጣው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» ብለውኝ ነበር። አወጣሁት። መኪናው ተለቀቀና በየኩርባው ፍሬን መርገጥ ሆነ ሥራዬ። ትንሽ እንደሄድኩ እንደተቃጠለ ላስቲክ ያለ ሽታ ገባ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከለመድኩት በላይ ወደ ታች ሰመጠ። ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ እስክቆም ድረስ ያለፈውን ደቂቃ አልረሳውም። ከጎማው በኩል ስስ ጭስ ይወጣ ነበር።

ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ሸራው ይግልና የመያዝ አቅሙን ያጣል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲግል ያ ውሃ ይተናል፣ ፔዳሉም ዘይት በመግፋት ፈንታ እንፋሎት ይጨምቃል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪናን ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣህ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው የሚሉት የከባድ መኪና ሾፌሮች እውነታቸውን ነው። ነዳጅ ቁጠባውም ቢሆን ተረት ነው፤ በዘመናዊ የኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ነዳጁ ይቋረጣል፣ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል።

የጋለ ጎማ ላይ ውሃ መድፋትም እንደዚሁ ስሕተት ነው፤ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቆሞ መጠበቅ ነው፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሲኖትራኮች በዝቅተኛ ማርሽ እያጉረመረሙ በዝግታ አለፉኝ፤ አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለኝ።

ለብርዱ አረቄ የሚያዝዙም አሉ። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ፊት ይግላል፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ ወጥቶ የሚባክን ነው፣ ነጂውንም ያዘናጋል። ከዚህ የከፋው ከሰል ነው። «ከፋመና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለውን ከአራዳ እስከ ደብረ ብርሃን ሰምቼዋለሁ። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የፋመ ከሰልም ያወጣዋል። በተዘጋ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ፍም አስገብታችሁ እንዳትተኙ እለምናችኋለሁ። በተዘጋ ጋራዥ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ያው ነው።

ብቻን መሄድን በተመለከተ የሰፈሬ ሰዎች ስጋት ጅብና ጨለማ ነበር። እኔን ያስቸገረኝ ግን እንቅልፍ ነው። ከፒያሳ ሌሊት ተነሥቶ ሲነዳ፣ ፀሐይ መስታወቱን ስታሞቀው ዓይን ይከብዳል፤ የሚያናግር ሰው የለም። ሙዚቃ መክፈትና መስኮት ማውረድ ያነቃል ይባላል፤ የሚያነቃው ለአፍታ ነው። ጥግ ይዞ ሃያ ደቂቃ መተኛት ይሻላል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዛሬ ብሄድ በዋዜማው መናኸሪያ ወርጄ በዚያው ቀን የተመለሱ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ፤ «ይቅር» ካሉኝ እቀራለሁ።

ደብረ ሲና ደርሼ ሻይ ስጠጣ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ስለ ፍሬኑ የነገርኳት ፒያሳ ከተመለስኩ በኋላ ነው።