«አሪርስ» የተባለው ቃል ትርጓሜና አገባብ

ከውጭ አገር ነጋዴዎች በሚመጡ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችና ውሎች ውስጥ «አሪርስ» የሚል ቃል ይገኛል። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቺው «ወደ ኋላ» ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ውዝፍ ዕዳ ይባላል።

ይሁን እንጂ ዕዳ ሁሉ ውዝፍ አይደለም። አንድ ባለሱቅ የ3,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወስዶ በየወሩ መጨረሻ 1,000 ብር ሊከፍል ቢዋዋልና የመጀመሪያው ወር ሳይከፍል ቢያልፍበት፥ ዕዳው 3,000 ብር ነው፤ ውዝፉ ግን 1,000 ብር ብቻ ነው። ውሉ ሌላ ካላዘዘ በቀር፥ የቀረው 2,000 ብር ቀኑ ገና አልደረሰም። ሻጩ ጠቅላላውን ውዝፍ ብሎ ቢጽፍ የደንበኛውን ስም ያለ አግባብ ያጎድፋል።

ቃሉ ሁለተኛም አገባብ አለው። በውል ላይ ኪራይ ወይም ወለድ «ኢን አሪርስ» ይከፈላል ተብሎ ቢጻፍ፥ የተወሰነው ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ይከፈላል ማለት ነው እንጂ ከፋዩ ዘገየ ማለት አይደለም፤ ተቃራኒውም በቅድሚያ መክፈል ነው።

ስለዚህ ነጋዴ ይህን ቃል ባየ ጊዜ፥ ከመቈጣቱም ሆነ ከመፈረሙ አስቀድሞ በውሉ የተጻፈውን የመክፈያ ቀን ይመርምር።