በዘር ማንዘሩ የሚጠራው ሶፍትዌር

በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዊንዶውስ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግሞ የሚያማርራቸው አንድ ችግር ነበር። አዲስ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ እሱ በደንብ ይሠራል። እስከ ትናንት ደህና የነበረ ሌላ ፕሮግራም ግን፣ ማንም ሳይነካው፣ አልከፈት ይላል። ምክንያቱ የተደበቀ ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ዲኤልኤል የሚባሉ ፋይሎች በአንድ የጋራ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። አዲሱ ፕሮግራም የራሱን ቨርዥን ይዞ ሲመጣ፣ በዚያው ስም የተቀመጠውን ፋይል ይተካዋል። የቀድሞው ፕሮግራም ያለዚያ ፋይል መሥራት አይችልም። ባለሙያዎቹ ተማርረው “የዲኤልኤል ሲኦል” አሉት።

ችግሩ በዊንዶውስ ብቻ የቀረ አልነበረም። ዩኒክስና ሊኑክስም ፕሮግራሞችንና ላይብረሪዎችን፣ ማለትም እንደ ዲኤልኤል በጋራ የሚሠራባቸውን ፋይሎች፣ በጋራ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት። ከሁሉም በላይ የሚቸገሩት ፕሮግራመሮች ነበሩ። አንዱ ሥራቸው የቆየውን ኮምፓይለር (ኮድን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረውን መሣሪያ)፣ ሌላው ሥራቸው አዲሱን ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው።

መፍትሔ ፍለጋው ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በ1991 ጆን ፈርላኒ “ሞጁልስ” የተባለውን ዘዴ አቀረበ። እያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ ፎልደር ይሰጠዋል፤ ተጠቃሚው በአንድ ትእዛዝ የሚፈልገውን ይመርጣል። ዘዴው ጥሩ ስለነበር በሱፐር ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም ይሠራበታል። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። የፎልደሩን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ስሙም ከቨርዥን ቁጥሩ የዘለለ ነገር አይነግርም። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ፕሮግራሞች፣ አንዱ በአሮጌ ላይብረሪ፣ ሌላው በአዲስ ላይብረሪ ከተገነቡ፣ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል?

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የተከተለው በኔዘርላንድ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኤልኮ ዶልስትራ ነው። አማካሪው ኤልኮ ቪሰር ይባል ነበር። እኛ አገር ሁለት ሞክሼዎች በአንድ ክፍል ሲገናኙ በአባት ስም እንለያቸዋለን፤ የአባታቸውም ስም አንድ ከሆነ እስከ አያት እንሄዳለን። ዶልስትራ ለሶፍትዌር ያገኘው መልስም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ እሱ ግን በአያት አላቆመም፣ ዘር ማንዘሩን ሁሉ ቆጠረ።

በ2003 የተጀመረው “ኒክስ” የተባለው ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ከመገንባቱ በፊት ለግንባታው የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ በአንድ ይመዘገባል፦ ሶርስ ኮዱ፣ ኮምፓይለሩ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ግንባታው የሚከተለው ትእዛዝ። የዚህ ሁሉ ድምር ሀሽ በሚባለው ስሌት ውስጥ ያልፍና 32 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ይወጣል። መለያው በፎልደሩ ስም መጀመሪያ ላይ ይገባል። ከግብዓቶቹ አንዱ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ መለያው ይለወጣል፤ መለያው ከተለወጠ ፎልደሩ ሌላ ነው። ስለዚህ አዲሱ አሮጌውን የሚደመስስበት መንገድ የለም። የመለያው አወጣጥ ራሱ ጥንቃቄ የታከለበት ነው። ነውር የሆነ ቃል በአጋጣሚ እንዳይፈጠር ከላቲን ፊደላት ኢ፣ ኦ፣ ዩ እና ቲ ተቀንሰዋል።

ጎን ለጎን ማስቀመጡ በዚህ ተፈታ። ወዲያው ግን ሌላ ችግር ተከተለ። አንድን ፕሮግራም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስንወስደው አብረውት መሄድ ያለባቸውን በምን እናውቃለን? ለግንባታ ያስፈለገው ሁሉ ለሥራ አያስፈልግም፤ ኮምፓይለሩ ለምሳሌ ሥራውን ጨርሷል። ዝርዝሩን ሰው ይጻፈው ቢባል ደግሞ ሰው ይረሳል።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በ1988 ሃንስ ቤም እና ማርክ ዋይዘር በሲ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች ጋርቤጅ ኮሌክተር፣ ማለትም የማያስፈልገውን ሜሞሪ ለይቶ የሚያስለቅቅ ዘዴ፣ አሳይተው ነበር። በሲ ውስጥ የትኛው ቁጥር የሜሞሪ አድራሻ እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። እነሱም አድራሻ የሚመስለውን ሁሉ እንደ አድራሻ ቆጠሩት። ዶልስትራና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ዲስኩ አመጡት፦ ፎልደሩ በሜሞሪ እንዳለ ነገር፣ ስሙም እንደ አድራሻው ቢቆጠርስ?

ከዚያ በኋላ የቀረው መፈለግ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ተገንብቶ ሲያልቅ ኒክስ ፋይሎቹን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል። የሌላ ፎልደር ባለ 32 መለያ ውስጣቸው ካገኘ፣ ፕሮግራሙ በዚያ ፎልደር ላይ ይደገፋል ማለት ነው፤ ካላገኘ አይደገፍም። እንዲህ ያለ ረጅም መለያ በአጋጣሚ አይገኝም። ፋይሉ ከታመቀ ወይም ከተመሰጠረ መለያው ሊሰወር መቻሉ እውነት ነው፤ በአብዛኛው ግን ፍተሻው የሰው ማስታወሻ ያልቻለውን ችሏል። ሐሳቡን ዶልስትራ፣ ቪሰርና ሜሪን ዴ ዮንገ በ2004 በጉባኤ አቀረቡት፤ በ2006 የዶልስትራ የዶክትሬት ጥናት ሆኖ ተጠናቀቀ።

ከዚህ አንድ ግኝት ሌሎች በረከቶች ተከትለው መጡ። አሮጌው ስላልጠፋ፣ አዲሱ ቨርዥን ቢያስቸግር በአንድ ትእዛዝ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ ስለታወቀ፣ ማንም የማይፈልገውን ያለ ስጋት ማጥፋት ይቻላል። አርሚን ሄሜል በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሐሳቡን ወደ ሙሉ የሊኑክስ ሥርዓት ወሰደው፤ ኒክስኦኤስ የሚባለው እሱ ነው። በ2012 ደግሞ ሉዶቪክ ኩርቴስ በዚሁ መሠረት ላይ ጊክስን ጀመረ።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ብዙ ቨርዥን ብዙ የዲስክ ቦታ ይይዛል። ከሥር ያለ አንድ ላይብረሪ ሲታረም፣ በላዩ የቆሙት ሁሉ መለያቸው ይለወጣልና እንደ አዲስ መገንባት አለባቸው። እኔ ግን ዋጋው ይገባዋል ባይ ነኝ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ ተመልከቱ። ፓይተን 3 በታኅሣሥ 2008 ወጣ፤ የፓይተን 2 ድጋፍ የተቋረጠው በጥር 2020 ነው። ሁለቱ ስለማይጣጣሙ፣ በመካከሉ ባሉት ከ11 በላይ ዓመታት ብዙ ፕሮግራመሮች ሁለቱንም በአንድ ኮምፒውተር ማኖር ነበረባቸው። በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ቬንቭን፣ ለየፕሮጀክቱ የተለየ ክፍል የሚያበጀውን መሣሪያ፣ ይዞ የመጣውም አለምክንያት አይደለም።

የቨርዥን ቁጥር ብቻውን የፕሮግራም ማንነት አይደለም። ፕሮግራም የተሠራበት ነገር ሁሉ ድምር ነው። ስለዚህ ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች፣ ኒክስን ባትጠቀሙ እንኳ ለየፕሮጀክታችሁ የየራሱን ክፍል አብጁለት፤ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች ከነቁጥራቸው መዝግባችሁ ከኮዱ ጋር አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ያንን ሥራ የሚረከበው ሰው፣ እንዳለ አንሥቶ ማስኬድ የሚችለው ይህ ከተደረገ ነው።