የፈረንሳይ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነሐሶች፦ የሚባለውና እውነቱ

በፓሪስ ዳርቻ ባለው የሳንት ዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የቀለም ቢልቃጥ ማስቀመጫ፣ የደብዳቤ መክፈቻና የማኅተም እጀታ ተደርድሮ ይሸጣል። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ከሚባለው ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው “አሮጌ ነሐስ እስኪያብረቀርቅ ከተወለወለ ዋጋው ይጨምራል” የሚለው ነው።

ብዙዎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወርቅ የሚቀባው በሜርኩሪ ተለውሶ ነበር። ዕቃው እሳት ላይ ሲሞቅ ሜርኩሪው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል፤ ትነቱ ግን ሠራተኞቹን ይመርዝ ነበር። ራሱ የነሐስ ዕቃ አምራች የነበረው ራቭሪዮ እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሞት፣ ቀቢዎቹን ከዚህ መርዝ የሚያድን ዘዴ ለሚያገኝ ሰው 3,000 ፍራንክ ተናዝዞ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው ኬሚስቱ ዳርሴ ሲሆን፣ ትነቱን ስቦ በጭስ ማውጫ የሚያስወጣ ምድጃ ሠርቶ ነው። በ1840ዎቹ በኤሌክትሪክ መቀባት ሲመጣ የወርቁ ሽፋን በአብዛኛው ይበልጥ ሳሳ። በነሐስ ማጽጃ የሚፈትግ ሰው እንግዲህ ያንን ወርቅ ነው የሚያነሣው፤ የተነሣው ደግሞ አይመለስም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

“ንብና ንስር ካለበት የቀዳማዊ ናፖሊዮን ዘመን ነው” ይባላል። ያ ጌጥ ግን በናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን (1852–1870) እና ከዚያም በኋላ ተደጋግሞ ተሠርቷል። ዘመኑን ለማወቅ ዕቃውን ገልብጡት። በእጅ የተቆረጠ ብሎን ጥርሱ ወጣ ገባ ነው፤ የአናቱ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከመሐል ይወጣል። ሁሉም ብሎኖች አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን የቆረጣቸው ናቸው፤ ዕቃውም የኋለኛው ዘመን ሊሆን ይችላል።

“ዴፖዜ” የሚለውን ጽሑፍ የአምራች ስም አድርገው የሚሸጡ አሉ። ንድፉ መመዝገቡን ብቻ ነው የሚናገረው። “ኤስ ዤ ዴ ዤ” የሚሉት ፊደላት ደግሞ መንግሥት ዋስትና ያልሰጠበት የፈጠራ መብት ማለት ናቸው፤ ከ1844ቱ ሕግ ወዲህ የመጡ ስለሆኑ ከዚያ በፊት የተሠራ ዕቃ ላይ አይገኙም። “ፍራንስ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ብዙውን ጊዜ ከ1891 በኋላ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚገባ ሸቀጥ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት አስገድዳለች።

ማግኔት ካልያዘው ነሐስ ነው ማለትም አይቻልም፤ ነሐስ መስሎ የሚሸጠውን ዚንክንም አይይዘውም። ሥሩ ላይ በማይታይ ቦታ ጫር ቢደረግ ግራጫ ከወጣ ዚንክ ነው።

“የፋብሪካ ሥራ ከሆነ ጥበብ የለውም” የሚለው በግሌ የሚያናድደኝ ነው። የባርቤዲየን ፋብሪካ በ1838 የተመሠረተው ኮላስ በፈለሰፈው፣ ሐውልትን በሚያሳንስ ማሽን ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን በቅርጽ ፈስሶ የወጣውን ብረት በትንሽ መሮና መዶሻ የሚጨርሰው የሰው እጅ ነበር። በቀለም ቢልቃጥ ማስቀመጫው ክዳን ላይ ያለውን የቅጠል ጌጥ በጎን ብርሃን ተመልከቱ፤ የቅጠሉ ጅማቶች ጠርዝ ስል ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ደግሞ በጥቃቅን ነጥቦች ከተሞላ፣ ባለሙያው ሰዓታት አሳልፎበታል።