የተረከዝ አልትራሳውንድ ለአጥንት መሳሳት፦ ጥቅሙና ወሰኑ
የአጥንት መሳሳት ብዙውን ጊዜ ስብራት እስኪያደርስ ድረስ ምልክት አያሳይም። የስብራት ስጋትን አስቀድሞ ለመለየት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የተረከዝ አልትራሳውንድ ነው። መሣሪያው የድምፅ ሞገድ በተረከዝ አጥንት ውስጥ የሚያልፍበትን ፍጥነትና ኃይሉ የሚዳከምበትን መጠን ይለካል፤ አጥንቱ ሲሳሳ ሁለቱም ልኬቶች ይቀንሳሉ። ኤክስሬይ ስለማይጠቀምና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ዴክሳ ለሌላቸው የጤና ተቋማት ይመቻል።

ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የቲ-ስኮር መለያ፣ ማለትም -2.5፣ የአጥንት ማዕድን እፍጋትን የሚመለከት ነው። ይህንኑ ቁጥር በአልትራሳውንድ ውጤት ላይ እንዳለ መጠቀም ሕመምተኛውን ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል። በመሆኑም ውጤቱ ከዕድሜና ቀደም ሲል ከደረሰ ስብራት ጋር ተገናዝቦ ወደ ዴክሳ የሚላኩትን ለመለየት ይጠቅማል፤ የመድኃኒትን ውጤት ለመከታተል ግን አይመከርም።