ሁለት ትረካ በአንድ ገጽ

ከእስራኤሏ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከአሽኬሎን ማሪና ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ሲሉ፣ እስከ 1948 (ወራቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አል-ጁራ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ከባሕሩ ራቅ ብላ ደግሞ በሽመናዋ የታወቀችው አል-መጅደል ነበረች። ዐሥር ሺህ ያህል ዐረቦች ይኖሩባት ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት አብዛኞቹ ወደ ጋዛ ሸሹ፤ የቀሩትንም የእስራኤል ባለሥልጣናት በ1950 አብዛኛውን ወደ ጋዛ አሻገሯቸው። በዚያው አካባቢ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ያድ መርዶካይ የሚባል ኪቡጽ (የጋራ የእርሻ መንደር) አለ። ከፖላንድ የመጡ አይሁድ የመሠረቱት ሲሆን ስሙን ያገኘው የዋርሶ ጌቶን አመፅ ከመራው ከመርዶካይ አኒየሌቪች ነው። በግንቦት 1948 ነዋሪዎቹ የገሰገሰውን የግብፅ ጦር ለቀናት ገትረው ይዘው ነበር።

ሁለቱም ታሪኮች እውነት ናቸው፤ የሚነሡትም ከአንድ ጦርነት፣ ከአንድ የባሕር ዳርቻ ነው። ሆኖም ሁለቱንም በትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ፍልስጥኤማዊው ያደገው የመጀመሪያውን እየሰማ ነው፣ እስራኤላዊው ሁለተኛውን። ይህን ለመለወጥ ታስቦ የተሠራ አንድ የታሪክ መማሪያ አለ።

መማሪያውን የወጠኑት ሁለት ምሁራን ናቸው። ዳን ባር-ኦን በቤርሳቤህ የቤን-ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበሩ። የናዚ ባለሥልጣናት ልጆች ከወላጆቻቸው ዝምታ ጋር እንዴት እንደኖሩ በማጥናት ይታወቃሉ። ሳሚ ዐድዋን በቤተልሔም ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ። ሁለቱ በ1998 በቤተልሔም አጠገብ በቤት ጃላ ፕራይም የሚባል የሰላም ምርምር ተቋም መሠረቱ። ሁለተኛው የፍልስጥኤማውያን አመፅ (ኢንቲፋዳ) በጋለበት ወቅት የእስራኤልና የፍልስጥኤም የታሪክ መምህራንን ሰብስበው መጻፍ አስጀመሩ። መምህራኑ የሚገናኙት የፍተሻ ኬላ አልፈው፣ አንዳንዴም ከዘመድ ቀብር ማግስት ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2003 ወጣ። ሥራው በሙሉ ተጠቃሎ በ2012 በእንግሊዝኛ ታተመ። ባር-ኦን ግን በ2008 ዐርፈው ስለነበር ይህን አላዩም።

የመጽሐፉ ብልሃት ከገጹ አሠራር ይጀምራል። በአንድ ወገን የእስራኤላውያን ትረካ፣ በሌላው የፍልስጥኤማውያን ትረካ ጎን ለጎን ታትሟል። በመሃላቸው ባዶ መስመሮች አሉ። ያ ቦታ የተማሪው ነው፤ ሁለቱን አንብቦ የሚያስበውን፣ የሚጠይቀውን፣ የሚቃወመውን ይጽፍበታል። አዘጋጆቹ ሁለቱን አዋህደው አንድ ሦስተኛ ታሪክ ለመጻፍ አልሞከሩም። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ የጋራ ትረካ መጻፍ አይቻልም ብለው ያምኑ ነበርና።

የባልፎርን መግለጫ እንይ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አርተር ባልፎር በኅዳር 1917 ለሎርድ ሮትሽልድ የላኩት፣ በእንግሊዝኛው 67 ቃላት ብቻ ያለው መግለጫ ነው። ወረቀቱ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ዓምዶች የሚነሡት ከተለያየ ቦታ ነው። የእስራኤላውያኑ ዓምድ በአውሮፓ ከደረሰው የአይሁድ ጥላቻና ከጽዮናዊነት ንቅናቄ ልደት ይነሣል፤ በዚያ መንገድ ለመጣ አንባቢ መግለጫው ሲጠበቅ የኖረ እውቅና ነው። የፍልስጥኤማውያኑ ግን የአውሮፓ ኃያላን አገሪቱን ከተመኙበት ዘመን ይነሣል፤ በዚያ በኩል ለመጣ ደግሞ መግለጫው አንድ ባዕድ መንግሥት የእሱ ያልሆነውን መሬት ለሌላ የሰጠበት ሰነድ ነው። ስለዚህ ጎበዝ መምህር ተማሪውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ትክክል ነው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ታሪክ ለምን ከዚህ ጀመረ?» ብሎ ነው።

ይህ ማለት ግን እውነትና ሐሰት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። በ1948 ጦርነት 700,000 ያህል ፍልስጥኤማውያን ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከአይሁድም ወገን 6,000 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። እነዚህን ማንም ተማሪ መካድ አይፈቀድለትም። ክርክሩ ያለው በምክንያቱ፣ በተጠያቂነቱና በትርጉሙ ላይ ነው። መምህራኑ እንደዘገቡት ብዙ ልጆች በመጀመሪያ የራሳቸውን ዓምድ «እውነት»፣ የሌላውን «ፕሮፓጋንዳ» ብለውታል። ትምህርቱም የሚጀምረው ያኔ ነው።

መጽሐፉ በሁለቱም ወገን ጠላት አላጣም። የፍልስጥኤምም የእስራኤልም የትምህርት ባለሥልጣናት ለመደበኛ ትምህርት አልፈቀዱትም። በ2010 በስዴሮት አቅራቢያ ያለው የሻዓር ሐኔጌቭ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምርበት፣ የእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር ርዕሰ መምህሩን ጠርቶ አስቆመው። ያ ትምህርት ቤት ከጋዛ የሚተኮስ ሮኬት የሚደርስበት ነው። የሌላውን ወገን ታሪክ ለማንበብ የፈለጉት ጦርነቱን ከሩቅ የሚያዩ ልጆች አልነበሩም።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። «ሃንድ ኢን ሃንድ» የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ከ1998 ጀምሮ የአይሁድና የዐረብ ልጆችን በአንድ ክፍል፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛ ያስተምራሉ። በ2014 የኢየሩሳሌሙን ትምህርት ቤት አይሁድ ጽንፈኞች በእሳት አያያዙት። ትምህርቱ ግን አልቆመም። ከጥቅምት 2023ቱ የሐማስ ጥቃትና ከተከተለው የጋዛ ጦርነት ወዲህ ሥራው እጅግ ከብዷል። ወንድሙን ገና ያልቀበረ ልጅ የሌላውን ኀዘን እንዲሰማ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በባለ ሁለት ዓምዱ መጽሐፍ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ትችት አለ፦ ሁለት ዓምድ ብቻ ስላለ እያንዳንዱ ወገን አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ያስመስላል። አሽኬሎን ውስጥ ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህ ትችት በጣም ቅርብ ነው። እነዚህ የኢትዮጵያ አይሁድ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ዘመቻ ሙሴ ለረጅም ጊዜ የተተረከው መንግሥት ያከናወነው የማዳን ተግባር ተደርጎ ነው። ሽማግሌዎቹና ቄሶቹ ግን የሚያስታውሱት የራሳቸውን ውሳኔ፣ ወደ ሱዳን የተጓዙትን የእግር መንገድና በመንገድና በመጠለያ የቀሩትን አራት ሺህ ያህል ሰዎች ነው። ታሪኩ በሌላ አፍ ሲነገር የሰማ ልጅ፣ የአል-መጅደልን ልጅ ጥያቄ ለመረዳት መነሻ አለው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የምትማረው አለ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቆሟል፤ በአርሲ ደግሞ የምኒልክን ዘመን ዘመቻ ሰለባዎች የሚያስታውሰው የአኖሌ የሰማዕታት ሐውልት በ2014 ተመርቋል። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ዘመን ሲሆን በየፊናቸው የሚጎበኟቸው ተማሪዎች አይገናኙም። ሁለቱን በአንድ ገጽ የሚያስቀምጥና ለተማሪው ባዶ መስመር የሚተው መጽሐፍ ያስፈልገናል። ለዚያም መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚኒስቴር ፈቃድ ሳይሆን፣ ከተለያየ ወገን የመጡና አንዳቸው የሌላውን ረቂቅ እስከ መጨረሻው ለማንበብ የተስማሙ ጥቂት የታሪክ መምህራን ናቸው። የቤት ጃላውም ሥራ የተጀመረው እንዲሁ ነው።